የሉም የተባሉት አሥራ አንድ ሰዎች

«የሌለ ሰው ሆድ ቀድጄ ሰፋሁ ብላ ነው አሉ ገንዘቡን የበላችው» አለ ከሾፌሩ ጀርባ የተቀመጠው ሰውዬ፣ ከጎባ ወደ ሮቤ የምትሄደው ሚኒባስ ገና ከመናኸሪያ እንደወጣች። ድምፁን ዝቅ አላደረገም። ሮቤ ላይ የሲሚንቶና የቆርቆሮ ሱቅ ያለው ሰው ድምፁን ዝቅ የሚያደርግበት ምክንያት የለውም። «አንድ ሁለት ቢሆን ተሳስታ ነው ይባላል። አሥራ አንድ ሰው ነው። መድኖቹ ጫካው ውስጥ ያለችው ሪራ ድረስ ሄደው ቢያጣሩ አንዳቸውም የሉም።» አጠገቡ ያለችው ሴት ከንፈሯን መጠጠችና የዘንድሮውን የመድን መዋጮ በግ ሸጣ እንደከፈለች ነገረችው። ከዚያ ወሬው ወደ በግ ዋጋ ሄደ፣ ከበግ ወደ ኮምባይነር ኪራይ፣ ከኮምባይነር ተመልሶ ወደ ሌባዋ ሐኪም መጣ። ሌባዋ ሐኪም ከኋላቸው ሁለተኛው ወንበር ላይ ነበረች። ሻርፗን እስከ አፍንጫዋ ተከናንባለች። የባሌ ብርድ እንኳን ሌባውን ሐቀኛውንም ስለሚያከናንብ ማንም ልብ አላላትም።

ዶክተር ኢየሩስ ኃይለመስቀል የጎባ ሆስፒታል ከነበሩት ሁለት የቀዶ ሕክምና ሐኪሞች አንዷ ናት። ሁለተኛው፣ ዶክተር ክብሩ፣ ባለፈው ጥር ሐርጌሳ ስለሄደ አሁን ሁለቱም ራሷ ናት። እሱ ሲሄድ ማንም አልተቆጣውም። የመንግሥት ጤና መድን ለሆስፒታሉ የሚከፍለውን ዘንድሮ ሁለት ጊዜ ቀንሷል። መጀመሪያ የቀዶ ሕክምናውን ተመን ዝቅ አደረገ፣ ቀጥሎ የቀረበለትን ሰነድ «አያሟላም» እያለ ይመልስ ጀመር። ሐኪሙም ነርሱም የዲዩቲ ክፍያ የሚያገኙት ከዚያው ገቢ ነው፤ ስለዚህ ለታማሚ ቆሞ ያደረ ሁሉ ሰባት ወር በነጻ አድሯል። አንዱ ሐኪም ከሥራ ሰዓት ውጭ የሰው ፋርማሲ ውስጥ ይቆማል፣ ሌላው ከወንድሙ ጋር ሴራሚክ ይነግዳል፣ ስለ አንጀት ሲጠይቁት ስለ ንጣፍ ይመልሳል። በዚህ ሁሉ ላይ ነው የአሥራ አንዱ ሰዎች ነገር የመጣው።

ሮቤ ያለው የመድን ጽሕፈት ቤት ዛሬ አራት ሰዓት ላይ ቀርባ እንድትፈርም ጠርቷታል። የሚፈረመው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ አሥራ አንዱ ቀዶ ሕክምናዎች ሳይደረጉ እንደተደረጉ ተሞልተው መቅረባቸውን አምኛለሁ የሚል። ከፈረመች የአሥራ አንዱ ብቻ ተቆርጦ የቀረው ክፍያ ይለቀቃል። ካልፈረመች ሁሉም እንደታገደ ይቆያል። ትናንት ከሰዓት በኋላ የኦፕራሲዮን ክፍሉ ዋና ነርስ ሸዋዓለም እጇን እየታጠበች፣ ፊቷን ሳታዞር፣ «ዶክተርዬ፣ እንዳልሰረቅሽ እናውቃለን። ግን ፈርሚውና ልጆቻችንን ትምህርት ቤት እናስመዝግብ» ብላታለች። ሸዋዓለም ያላወቀችው ወረቀቱ በኢየሩስ የግል ማህደር ውስጥ ዕድሜ ልኳን እንደሚቀመጥ ነው። በመንግሥት ቤት ዕድገትም፣ ተጨማሪ ትምህርትም፣ ሁሉም እዚያ ላይ ያበቃል። ኢየሩስ ሌሊቱን ስታስብ አድራ ወስናለች። ትፈርማለች፣ ገንዘቡ ለሰዎቹ ይለቀቃል፣ እሷ ደግሞ አዲስ አበባ የግል ሆስፒታል ትገባለች። የግል ሆስፒታሉ ስለ ማህደር አልጠየቃትም። የጠየቃት መቼ እንደምትጀምር ነው፤ የደመወዟን አምስት እጥፍ ይከፍላታል፣ መልሷንም እስከ ዛሬ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ይጠብቃል።

ይህን ለአባቷ አልነገረችም። ግን ዛሬ ጠዋት ስትነሳ አቶ ኃይለመስቀል ትልቁን ሻንጣዋን ከቁም ሣጥኑ ላይ አውርደው በእርጥብ ጨርቅ ይወለውሉ ነበር። ሠላሳ ዓመት መዝገብ ቤት የሠሩ ሰው ናቸው፤ ቤታቸው የገባ ወረቀት አይደበቃቸውም። «ዚፑ አስቸግሮ ነበር፣ ሻማ ቀብቼዋለሁ» አሏት። እሷም ሻይዋን ጨልጣ ወጣች። እናቷ ከሞተች ወዲህ አባትና ልጅ የሚኖሩት እንደዚህ ነው። ይዋደዳሉ፣ አይነጋገሩም። ሂጂም አትሂጂም አለማለታቸው ሆዷን አባብቶት ነበር፤ አንድ ቃል ቢናገሩ፣ ቢቆጡ እንኳ፣ ደስ ይላት ነበር።

ሚኒባሷ ውስጥ ከኢየሩስ አጠገብ የተቀመጠው ሰውዬ በእግሮቹ መሐል የማር ጀሪካን ይዟል። ሃምሳውን የተሻገረ፣ ጺሙ የሸበተ፣ ካፖርቱ ጭስ ጭስ የሚል ሰው ነው። ነጋዴው ለሦስተኛ ጊዜ ወደ ሌባዋ ሐኪም ሲመለስ ይህ ሰውዬ ሳቅ አመለጠው። መጀመሪያ በአፍንጫው፣ ከዚያ በትከሻው ሳቀ።

«ምን ያስቅሃል?» አለው ነጋዴው ዞሮ።

«እኔ ያን ቀን ሪራ ነበርኩ» አለ ሰውየው እንባውን በመዳፉ እየጠረገ፣ ኦሮምኛ በሚጫነው አማርኛ። «ነጭ መኪና መጣ። ሰዎቹ አልወረዱም። መስኮት ከፈቱ፣ ወረቀት አዩ፣ ስም ጠሩ። እገሌ የት ነው፣ እገሊት የት ናት። አካም የለ፣ ነጋ የለ፣ ከብቱ ደህና ነው ወይ የለ። ሰላም ሳይል ስም የሚጠራ ሰው ለደህና ይመጣል? የማዳበሪያ ዕዳ ነው አለ አንዱ። አይደለም፣ ከጫካው ሊያስነሱን ነው አለ ሌላው። ስለዚህ ሁላችንም የሉም አልን። ሴቶቹን ገና ድሮ ቆላ፣ ዶሎ መና አገቡ አልን፣ ወንዶቹን ገና ድሮ ዶሎ መና ወረዱ አልን። ያን ቀን ዶሎ መና በእኛ ሰው ሞልታ ነበር።» ተሳፋሪው መሳቅ ጀመረ። ሰውየውም ጊዜ ወሰደ፣ አድማጭ እንዳገኘ ገብቶታል። «እኔን ራሴን፣ ከማለዲን የሚባል ታውቃለህ ወይ አሉኝ። ዓይናቸውን እያየሁ፣ ከማለዲን ከወረደ ሦስት ዓመት ሆነው፣ ከብቱንም ሸጧል አልኳቸው።»

ሚኒባሷ በሙሉ ሳቀች፣ ረዳቱም ሳይቀር። ኢየሩስ ብቻ አልሳቀችም። ዝርዝሩን በቃሏ ታውቀዋለች፤ ከማለዲን አራተኛው ነው። ፊቱን አላስታወሰችም። ሐኪም የሚያስታውሰው ሌላ ነገር ነው። በነሐሴ ዝናብ፣ መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተሩ እያጓራ፣ ከሪራ በአይሱዙ ተጭኖ የሳኔቲን አምባ አቋርጦ የመጣ አንድ የተነፋ ሆድ ነበር፤ አንጀቱ ተጠማዝዞ ጠቁሯል፣ የሆነ ሰዓት ላይ ልቡ ሊቆም ደርሶ ሸዋዓለም እየጸለየች የመርፌ መድኃኒት ብልቃጥ ትሰብር ነበር። ያ ሆድ አሁን አጠገቧ ተቀምጦ ይስቃል። ሻርፗን ከአፍንጫዋ አወረደች።

«እምብርትዎ ጋ ዞሮ የሚወርደው ስፌት፣ አሁንም በብርድ ያሳክክዎታል?» አለችው።

የከማለዲን እጅ ሳያስበው ወደ ሆዱ ሄደ። ቀስ ብሎ ዞሮ አያት። «ኢንታላ ኮ» አለ፣ «ልጄ። አንቺ ነሽ እንዴ?»

«እኔ ነኝ። ሌባዋም እኔ ነኝ።»

ሳቁ ጠፋ። ነጋዴው ወደ ፊት ዞሮ የሾፌሩን መስተዋት ይመረምር ጀመር። ኢየሩስ ነገሩን ለከማለዲን በአጭሩ ነገረችው፤ ነጩ መኪና የማን እንደነበረ፣ የሉም ማለታቸው ምን እንዳመጣ፣ አራት ሰዓት ላይ ምን ልትፈርም እንደምትሄድ። ሰውየው ጀሪካኑን እያየ ሰማት። ሰምቶ ሲጨርስ ፊቱ ላይ የቀረ ሳቅ አልነበረም፤ እፍረት ነበር። «ዛሬ ገበያ ነው» አላት። «የሪራ ግማሹ ሮቤ ነው ያለው። አንቺ የመድኑን ሰዎች አቆዪልኝ። እንዳትፈርሚ።» ሮቤ ሲደርሱ ከሁሉም ቀድሞ ወረደ። ነጋዴው ከኋላው ተከትሎት ወርዶ፣ አንገቱን እንዳቀረቀረ፣ «ማሩን ሱቄ አስቀምጠው፣ እኔ እሸጥልሃለሁ። ኪሎው ስንት ነው?» ሲለው ኢየሩስ ሰማች።

የመድን ጽሕፈት ቤቱ ስብሰባ ክፍል ጠባብ ነው። መስኮቱ ወደ ባጃጅ መቆሚያው ይከፈታል፣ ግድግዳው ላይ ያለፈው ዓመት የቀን መቁጠሪያ ተሰቅሏል፣ ጠረጴዛው ላይ በፕላስቲክ የታሸገ ውሃ በሰው ቁጥር ተደርድሯል። ኃላፊው አቶ ሮቤራ በጨዋ ደንብ ብድግ ብለው ወንበር ሰጧት። ሁለቱ አጣሪዎች፣ ሪራ የሄዱት፣ ጥጉ ላይ ተቀምጠዋል፤ አንደኛው በዕድሜ ከኢየሩስ ያንሳል፣ ዓይኗን ላለማየት ይጥራል። አቶ ሮቤራ ክፉ ሰው አይደሉም። የደከማቸው ሰው ናቸው። «ዶክተር፣ እኔም ከላይ ነው የታዘዝኩት» አሉ። «ቀንሱ ተባልን፣ እንቀንሳለን። ከእርስዎ ጋር ጠብ የለኝም። ይፈርሙና የቀረው ይለቀቅ፣ ነገሩም ይረሳ።» ወረቀቱንና እስክሪብቶውን ገፋ አደረጉላት። ኢየሩስ እስክሪብቶውን አነሳች። ያን ጊዜ ሸዋዓለም ትዝ አለቻት፣ ሰባት ወር በነጻ ያደሩት ሁሉ ትዝ አሏት፤ እጇ ወደ ወረቀቱ ሊሄድ ምንም አልቀረውም። ከማለዲን ደግሞ ማር ሊሸጥ የመጣ ሰው ነው፣ ገበያ ገብቶ ቢረሳትስ? ግን እስክሪብቶውን መልሳ አስቀመጠችው።

«ከመፈረሜ በፊት» አለች፣ «አላደረግሽም የተባልኩትን ልናገር። በመዝገብ ይያዝልኝ።»

አቶ ሮቤራ ሰዓታቸውን አይተው እሺ አሉ። አሥር ደቂቃ መስሏቸው ነበር። ኢየሩስ ከአንደኛው ጀመረች። ማስታወሻ አልያዘችም። ታማሚው በምን ቀን እንደመጣ፣ ማን ተሸክሞት እንደመጣ፣ ሆዱ ሲከፈት ምን እንደተገኘ፣ ስንት ክር እንደፈጀ፣ ደም ሲጠፋ ከሆስፒታሉ ሠራተኛ ማን እንደሰጠ ተናገረች። ሁለተኛው ኦቦ ጉሉማ ናቸው፤ በሬ ወግቷቸው ጉበታቸው ተሰንጥቆ ነበር፣ ከሰመመን ሲነቁ መጀመሪያ የጠየቁት የበሬውን ጤንነት ነው። ሦስተኛዋ መርዋ ናት፤ ትርፍ አንጀቷ ፈንድቶ በሦስተኛው ቀን የደረሰች የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ፣ ሙሽራ፣ ጠባሳው ይታያል ብላ ያለቀሰች። በእሷ ምክንያት ስፌቱን ሁለት ጊዜ ፈትታ ሰፍታዋለች። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ሁሉንም እንደዚህ እንደያዘቻቸው ራሷም አታውቅም ነበር። ወጣቱ አጣሪ ብዕሩን ካስቀመጠ ቆይቷል፣ አገጩን በእጁ ይዞ ያዳምጣል። ዘጠነኛው ላይ ስትደርስ ስድስት ሰዓት ሊሆን ነው። በዚህ መሐል ከኮሪደሩ የዘበኛው ድምፅ ተሰማ፣ «ቆይ፣ አንድ በአንድ፣ በጉን ውጭ ተዉት።»

በሩ ተከፈተ። ከማለዲን ከፊት ነው። ከኋላው አምስት ሰዎች፣ የገበያ አቧራ የለበሱ፣ አንዷ ሴት ዶሮ ዘቅዝቃ እንደያዘች ገቡ። ወንበር አልተረፈም፤ ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ። ከማለዲን አቶ ሮቤራን ጨበጠ፣ አጣሪዎቹን ጨበጠ፣ ስለ ቤተሰባቸው ጠየቀ፣ ስለ ዝናቡ ጠየቀ፣ ከብት እንዳላቸው እንኳ ሳያጣራ ከብቱስ ደህና ነው ወይ አለ። እስኪጨርስ ማንም አላቋረጠውም። ከዚያ፣ «ዝርዝሩን አንብቡ» አለ። «አሁን እንደገና ጥሩን።»

አቶ ሮቤራ ኢየሩስን አዩ፣ እሷ ትከሻዋን ሰበቀች። ወረቀቱን አንስተው ማንበብ ጀመሩ። የመጀመሪያው ስም ሲጠራ ከግድግዳው ሥር «አለሁ» አለ አንዱ። ሁለተኛው ሲጠራ ሽማግሌው ዱላቸውን መሬት ላይ መታ አድርገው «ጉሉማ አለሁ» አሉ።

ትልቁ አጣሪ ከወንበሩ ተነሳ። «እርስዎ አይደሉም እንዴ ጉሉማ ከሞተ ቆይቷል ያሉን? ቀብሩን ሁሉ ነግረውን ነበር እኮ።»

«ነኝ» አሉ ኦቦ ጉሉማ ሳያፍሩ። «ብዙ ሰው ነበረው ብያችኋለሁ። እሱ ውሸት ነው። የቀረው፣ የዚህች ልጅ እጅ ባይኖር፣ እውነት ይሆን ነበር።» ጋቢያቸውን ገልጠው ሸሚዛቸውን ወደ ላይ ሰበሰቡ። ሌሎቹም ተከተሉ፤ ጠባብ ክፍል ውስጥ ስድስት ጠባሳ ተገለጠ፣ ዶሮዋም ተንጫጫች። ኢየሩስ ልታለቅስ ደርሳ ነበር፣ ግን ሥራዋን ስታይ ሐኪምነቷ ቀደመ፤ ጎንበስ ብላ አንዱን ስፌት በጣቷ ነክታ «ይሄ ጥሩ ይዟል» አለች። ሁሉም ሳቁ፣ አቶ ሮቤራም ሳቁ፣ ግን ወዲያው ፊታቸውን አስተካከሉ።

«ስድስት ሰው አየሁ» አሉ። «አምስት ይቀራል። ስልክም ደውለናል እኮ፤ በስልክም የለችም፣ የለም ነው የተባልነው። ምን ልጻፍ?»

«ለመርዋ ይደውሉላት» አለ ከማለዲን። ጺሙ ውስጥ ፈገግ ብሏል። «አሁን፣ እርስዎ ራስዎ። እኔ ዝም እላለሁ።»

አቶ ሮቤራ ቁጥሩን ከሰነዱ ላይ አይተው ደወሉ፣ ሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ለቀቁት። ከረዥም ጥሪ በኋላ ቀጭን የሴት ድምፅ መጣ። በኦሮምኛ፣ በተለመደው የቢሮ ድምፃቸው፣ መርዋ የምትባል ይህን ስልክ ትይዛለች ወይ አሏት። «መርዋ? እንደሱ የምትባል እዚህ የለችም። ዶሎ መና ነው ያገባችው» አለች፣ ሳትንተባተብ፣ እንዳጠናችው።

አቶ ሮቤራ ስልኩን ወደ ከማለዲን ገፋ አደረጉት። ከማለዲን ጠጋ ብሎ በዚያው ቋንቋ፣ «መርዋ፣ ከማለዲን ነኝ። ሰዎቹ ለጫካው አይደለም የመጡት። ሆድሽን የሰፋችልሽ ዶክተር ናት የተከሰሰችው። አንቺን አላከመችም ተብሎ» አላት።

«ማን ነው ያለው?»

«እኛ ነን ያልነው። የለችም ብለን።»

ድምፅዋ ከፍ ብሎ መጣ። «አለሁ በላቸው። መርዋ እኔ ነኝ፣ አለሁ በላቸው። ካላመኑ ነገ እመጣለሁ፣ ባሌንም ልጄንም ይዤ እመጣለሁ።» መርዋ ልጅ መውለዷን ኢየሩስ አልሰማችም ነበር። ያን ጊዜ እንባዋን አልከለከለችውም።

አቶ ሮቤራ ብዙ አላሰቡም። እንዲፈረምበት የተዘጋጀውን ወረቀት ለሁለት ቀደዱት፣ ጸሐፊዋን ጠርተው ሌላ አስጻፉ፤ ማጣራቱ የተሳሳተ እንደነበረ፣ ቀዶ ሕክምናዎቹ መደረጋቸው እንደተረጋገጠ፣ የቀሩት አራቱም እንደገና በአግባቡ እንዲጠየቁ፣ የታገደው ክፍያ በሙሉ ዛሬውኑ እንዲለቀቅ። ማህተሙን ራሳቸው መቱት። «ተመኑ ግን የተቀነሰው እንደተቀነሰ ነው» አሏት ወረቀቱን ሲሰጧት፣ «እሱ በእኔ እጅ አይደለም።» ኢየሩስ ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ከተተች። «ለእሱ ሌላ ቀን እመጣለሁ» አለች። እንዲህ ስትል አሥራ ሁለት ሰዓት የሚጠብቃት ሆስፒታል ጨርሶ ትዝ አላላትም። ከማለዲን ደግሞ ወጣቱን አጣሪ ትከሻውን ይዞ እስከ በሩ ሸኘው። «ስትመጣ መኪናውን ራቅ አድርገህ አቁም» ይለዋል። «ውረድ። ስለ ከብቱ ጠይቅ። ስም መጨረሻ ላይ ነው የሚጠራው።» ደረጃው ላይ ኢየሩስ ለሸዋዓለም ደወለች። ወዲያው ከጎባ፣ ከኦፕራሲዮን ክፍሉ ኮሪደር፣ የብዙ ሴቶች እልልታ በስልኩ መጣ፤ ባጃጅ መቆሚያው ድረስ የተሰማ ይመስል አንድ ሾፌር ዞሮ አያት።

ቤቷ ስትደርስ አሥራ አንድ ሰዓት አልፏል። ሻንጣው አልጋዋ ላይ ተከፍቶ ይጠብቃታል። አባቷ ነጭ ጋውኖቿን ሳይቀር ተኩሰው፣ በመዝገብ ቤት ደንብ፣ ጠርዝ ከጠርዝ አጋጥመው አጥፈው አስገብተዋል። ሽሮ አቀረበች፣ አብረው ተቀመጡ፣ ዛሬ ግን ዝም ማለት አልቻለችም። ከሚኒባሱ ጀምራ ነገረቻቸው። ኦቦ ጉሉማ የራሳቸውን ቀብር እንዴት እንደተረኩ ስትነግራቸው አቶ ኃይለመስቀል ጉርሻው በእጃቸው እንዳለ መብላት አቆሙ። መርዋ ጋ ስትደርስ ሳቁ፤ ድምፅ አውጥተው፣ ጥርሳቸው እስኪታይ ሳቁ። ይህን ሳቅ ከሰማችው አራት ዓመት አልፎታል። ማኅተም የተመታበትን ወረቀት ተቀብለው መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቡት፣ ቁጥርና ቀኑንም አጣሩ፣ «ደህና ተጽፏል» ብለው መለሱላት። ስለ ሻንጣው ግን አልጠየቁም።

ሳህኑን ልታጥብ ጓዳ ገባች። ሳሎን ቻርጅ ላይ የተተወው ስልኳ ጠራ። አሥራ ሁለት ሰዓት ሆኗል፤ በአዲስ አበባው የግል ሆስፒታል ቅጥር የምትከታተለው ሶሲ ሰዓት የምታከብር ሴት ናት። ኢየሩስ እጇ ሳሙና ነው። ልታደርቀው ስትፈልግ አባቷ ስልኩን ሲያነሱ ሰማችና ባለችበት ቆመች። በሕይወታቸው አንድ የሐሰት ቃል መዝገብ ላይ ያላሰፈሩ ሰው ጉሮሯቸውን ጠራርገው ተናገሩ።

«ማን አሉኝ? ዶክተር ኢየሩስ? እንደሱ የምትባል እዚህ የለችም። ዶሎ መና ወርዳለች።»

ስልኩን ዘጉት። ዞር ሲሉ ልጃቸው ጓዳው በር ላይ፣ እጇ አረፋ እንደያዘ፣ ቆማለች። አንገታቸውን ደፉ። ኢየሩስ እጇን በቀሚሷ ጠረገች። ነገ ጠዋት ራሷ ደውላ ሶሲን ይቅርታ ትጠይቃለች፣ አልመጣምም ትላታለች። አሁን ግን መኝታ ቤት ገብታ ልብሶቿን ከሻንጣው አውጥታ፣ እንደታጠፉ፣ መሳቢያው ውስጥ መለሰቻቸው። ከዚያ ወንበር ስባ ላዩ ላይ ወጣችና «አባባ፣ ሻንጣውን ከታች ይደግፉልኝ» አለች፤ አባቷም መጥተው በሁለት እጃቸው ደገፉላት፣ ሻንጣውን ቁም ሣጥኑ ላይ፣ ወደ ግድግዳው አስጠግተው፣ መለሱት።